«ዝይዋ ክንፍ አላት» ላሉት ኃላፊ፦ ስለ ቆቅ ውሃ ጨፌ

ለክቡር አቶ ደመላሽ አንሙት
የቆቅ ውሃ ተፋሰስ አረንጓዴ ልማት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦች በሙሉ ጤናን፣ ሰላምን፣ ከሁሉም በላይ ረጅም ዕረፍትን እመኛለሁ። ዕረፍቱን አጥብቄ የምመኝላችሁ፣ እናንተ ስብሰባ ላይ በምትሰነብቱባቸው ሳምንታት አገሩ ትንሽ ሲያገግም በዓይኔ ስላየሁ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ይህን ያልተረዳ ሰው የቀረውን ቢያነብ ትርፉ ድካም ነው። ጨፌ ባዶ መሬት አይደለም። ጨፌ ክረምት የጠጣውን ውሃ ይዞ ቆይቶ በበጋ ጥቂት በጥቂት ለምንጮች የሚያቀብል፣ ሣሩ የማይደርቅ፣ ወፍ የሚፈለፈልበት፣ ከብት በየካቲትና በመጋቢት ነፍሱን የሚያተርፍበት እርጥብ ሜዳ ነው። ዛፍ የሌለበትም ሰው ስለጨፈጨፈው ሳይሆን ተፈጥሮው ስለሆነ ነው። ዓሣ ላባ ስለሌለው ላባ ይለጠፍለት እንደማይባል ሁሉ፣ ጨፌም ዛፍ ስለሌለው ዛፍ ይተከልበት አይባልም። ይህን ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ክፍለ ጊዜ አስረዳ ነበር፤ ለክቡርነትዎ ግን ሰፋ ያለ ጊዜ የሚያስፈልግ መስሎ ስለታየኝ ደብዳቤዬ ረዘም ብሏልና ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

እኔ እንዳላማው ገዳሙ እባላለሁ። በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ዛሬ ወደ ይጁቤ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከቆቅ ውሃ ጨፌ ማዶ የምኖር ሰው ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ሥራ የጀመረ ሰሞን «ይህን ሰው ያስተማርኩት እኔ እሆን እንዴ?» ብዬ እጅግ ተጨንቄ አጣርቼ ነበር። በእኔ ክፍል አለማለፍዎን ሳረጋግጥ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጉዳዩን በአደባባይ የማነሣው ደግሞ የሹክሹክታ ጠላት ስለሆንኩ አይደለም፤ ቀደም ብዬ በግል ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ማኅተም ከተመታባቸው በኋላ የት እንዳረፉ የሚነግረኝ ስላጣሁ ነው።

ከመቶ ስልሳ ዓመት በፊት ገደማ አንድ የውጭ አገር ተፈጥሮ አጥኚ ዓባይን ተሻግሮ በዚህ በኩል አልፎ ነበር። ጽሑፉን በዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ወዳጄ ወደ አማርኛ መልሶ ሰጥቶኛል። ሰውየው ያየውን ያለ ቅመም ነው የሚጽፈው። ገደሉ አፋፍ ላይ ካሉት ጥድና ወይራ መካከል ጉሬዛ ሲዘል አይቷል። ነብር ድንኳኑ አጠገብ መጥቶ ውሾቹን አስጨንቆበታል። ከፍ ብሎ በደጋው ላይ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ላይ ስታደባ ቁጭ ብሎ ተመልክቷል። ወደ ቆቅ ውሃ ሲወርድ ደግሞ ጨፌው በዝይ ተሞልቶ አገኘው፤ በቅሎዋ እንቁላል እንዳትረግጥበት ፈርቶ ወርዶ፣ ሣሩን በዱላ እየገለጠ በእግሩ እየመራት እንዳለፈ ጽፏል። ከጨፌው ዳር ልጃገረዶች ሣር ነቅለው ጉንጉን ሲሠሩ አይቶም ስሙን ጠይቆ «እንግጫ» የሚለውን ቃል በራሱ ፊደል አስፍሯል።

ይህ ሰው ጻድቅ አልነበረም፤ አላሞካሸውም። የመጣው ጠመንጃ ይዞ ነው። ዝይዎቹን ተኩሶ፣ ቆዳቸውን ገፍፎ፣ በጭድ ሞልቶ በሣጥን ወደ አገሩ ልኳቸዋል። ይሁን እንጂ ለእንቁላል ሲል ከበቅሎ የወረደው እሱ ነው። ክቡርነትዎ ጨፌውን ሊጎበኙ በመጡ ዕለት ከመኪናዎ አልወረዱም፤ መስኮቱ ግን ዝቅ ብሎ ነበርና እሱንም ከምስጋና ጋር መዝግቤልዎታለሁ።

ነብሩ ሄዷል። ጉሬዛው ጥቂት ዛፍ በቀረባቸው ገደሎች ተወሽቋል። ከቀይ ቀበሮ በእኛ በኩል የቀረው ስሟ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ በእርስዎ ጫንቃ ላይ አልጭንም፤ እርስዎ ሳይወለዱ ያለቀ ነገር ነው፤ አያቶቻችን መነጠሩት፣ አባቶቻችን አረሱት፣ እኛ ደግሞ እያየን ዝም አልን። ከዚያ ሁሉ ተርፎ የቀረው ጨፌው ነበር። ጨፌው የተረፈው ለእርሻ ስለማይመች ነው፤ በሬ ስለሚሰምጥበት ነው። ከበሬና ከማረሻ ያመለጠው ጨፌ ለእርስዎ እቅድ ተረፈ። እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ። ድሮም አረንጓዴ የነበረውን መሬት አረንጓዴ ስላደረጉልን ከልብ አመሰግናለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ከሁለቱ የጨፌው ክፍሎች ላይኛው ቆቅ ውሃ በቦይ ተሰንጥቆ ውሃው እንዲፈስስ ተደረገ፤ በሐምሌ ደግሞ ባሕር ዛፍ ተተከለበት። ከጨፌው በላይ ያለው ጋራ ድንጋዩ አፍጥጦ፣ አፈሩ ታጥቦ፣ ራቁቱን ቆሞ ነበር፤ ዛሬም ቆሟል። ራቁቱን ትተው የለበሰውን ደርበው አለበሱት። ጋራው ዳገት ስለሆነ ለእንግዶች መውጣት ያስቸግራል፣ ለፎቶግራፍም አይመችም ሲባል ሰምቻለሁ፤ ምክንያቱን ለመረዳት ስሞክር ሁለት ዓመት ሞላኝ።

በዚያን ጊዜ በተጠራው ስብሰባ ላይ የደብራችን አገልጋይ መሪጌታ ሙላት ተነሥተው፣ «ልጄ ደመላሽ፣ እግዜር ውሃውን ከየብሱ አንድ ጊዜ ለይቶት ነበር፤ መልካም እንደሆነም አየ ይላል። አንተ ምን ጎድሎ አግኝተህ ነው እንደገና የምትለየው?» ብለው ሲጠይቁዎ፣ ክቡርነትዎ ፈገግ ብለው «አባቴ፣ ይህ ሳይንስ ነው» በማለት መለሱላቸው። መሪጌታም ወደ እኔ ዞረው «አንተ መምህር፣ እውነት ሳይንስ ይሄ ከሆነ ለምን እስከዛሬ ደበቅከን?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ነገር በአንድ ቃል ለቦይ ቁፋሮ ምስክር ሆኖ ሲቆም ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ስለዚህም ምስጋናዬ ወደር የለውም።

ሁለተኛ። ከጨፌው ግርጌ አንድ ምንጭ ነበር። ነበር የምለው ሰዋስው ስቼ አይደለም። ያችን ምንጭ ከማንም በላይ የሚያውቋት ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ናቸው፤ ቤታቸው ከምንጯ ፊት ለፊት ነው። ቦዩ በተቆፈረ በመጀመሪያው በጋ ምንጯ ቀጠነች፤ በሁለተኛው ደረቀች። ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ቢመጡ፣ የተቀበላቸው ባለሙያ በትሕትና አስቀምጦ «እማማ፣ አይዞዎት፣ ዛፉ ሲያድግ ጥቅሙን ያዩታል» አላቸው። እሳቸውም «እስከዚያ ምን ልጠጣ ልጄ? ባሕር ዛፉን እንደ ልብስ ልጨምቀው?» አሉት። ባለሙያው ሐሳቡን በአስተያየት መስጫ ሣጥን ውስጥ እንዲከቱት መክሯቸው ሸኝቷቸዋል። ለትሕትናው አመሰግናለሁ። ውሃው ግን አልመጣም፤ ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ዛሬ ውሃ የሚቀዱት ሸንተረሩን ተሻግረው ከወንዝ፣ ከብት ከሚጠጣበት ነው።

እዚህ ላይ ሚዛን መጠበቅ ግዴታዬ ነው። ባሕር ዛፍ አልጠላም። የቤቴ ምሰሶም ማገርም ባሕር ዛፍ ነው፤ ብዙ የአካባቢያችን ገበሬ ልጁን የሚያስተምረው፣ ቤቱን የሚሠራው በእሱ ነው። የተፈጠረበት ጠባይ ግን ውሃ መጠጣት ነው፤ ጠጪን ጠላ ቤት አስቀምጦ ጋን ለምን ጎደለ ማለት አይቻልም። ጋራው ላይ ይተከል ብዬ ለምኛለሁ። ጉድጓድ ለመቆፈር ሰው ቢያጥር እኔም በዚህ ዕድሜዬ ዶማ ይዤ እወጣለሁ ብዬ ጽፌያለሁ። መልስ አላገኘሁም፤ ምናልባት የዶማ አያያዜን ተጠራጥራችሁ ይሆናል።

ሦስተኛ። በባሕር ዛፉ መካከል ስላቆሙት ትልቅ ሰሌዳ አመሰግናለሁ። «የብርቅዬ አእዋፍ መጠለያ፤ ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» ይላል። ሥዕሏ በረዶ የመሰለች ነጭ፣ አንገተ ረጅም የፈረንጅ ወፍ ናት፤ በጎጃም ምድር ረግጣ የማታውቅ። የእኛይቱ ዝይ እንዲህ አይደለችም። አመዳማ ቡናማ ናት፤ ክንፏን ካልዘረጋች ሰማያዊው ላባዋ አይታይም፤ አንገቷን ወደ ጀርባዋ አስተኝታ፣ ደረቷን ነፍታ ቀስ እያለች ስትራመድ ስብሰባ የምትመራ ትመስላለች፤ ልዩነቱ እሷ የምትረግጠውን ማየቷ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለችም። ሰሌዳው ከቆመ ወዲህ አንዲትም ዝይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ታይታ አታውቅም። ማንበብ ባይችሉም ክልከላውን በሚገባ አክብረዋል።

አራተኛ። ይህን ቅሬታ ባለቤቴ የኔአለም እንዳልጽፈው ለምናኝ ነበር። «አንቱ፣ በዚህ ዕድሜዎ ለሣር ብለው ከመንግሥት ሊጣሉ ነው?» አለችኝ። ምክሯን ሁልጊዜ እሰማለሁ፤ ዛሬ ግን ሰምቼ እጽፋለሁ።

እንግጫ ነቀላ ምን እንደሆነ ለእርስዎ መንገር ለቄስ መስቀል ማሳየት ይሆንብኛል፤ ሆኖም ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ከሩቅ ለሚያነብ ላስረዳ። በእኛ አገር አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል ልጃገረዶች ወደ ጨፌ ወርደው እየዘፈኑ እንግጫ የሚባለውን ሣር ይነቅላሉ፤ ጎንጉነው ራሳቸው ላይ ያደርጉታል፣ የቤቱን ምሰሶ ያስሩበታል። እንግጫ እርጥብ መሬት ይወዳል። ሥሩን ጥቁር ጭቃ ውስጥ ሰዶ ስለሚይዝ ጎንበስ ብለው በሁለት እጅ ካልጎተቱት አይለቅም፤ ሲለቅ ደግሞ ከነጭቃው ነው፤ የልጆቹ ሳቅና መጨማለቅ ግማሹ ከዚህ የሚመጣ ነው። ዝይዋም ጎጆዋን የምትሠራው እሱው መካከል ነው። የእኛ ሴቶች ልጆች ከጥንት ጀምሮ የነቀሉት ከቆቅ ውሃ ነው።

ላይኛው ጨፌ ከደረቀ በኋላ እንግጫ የለም። ጽሕፈት ቤትዎ ታዲያ ባለፈው ጳጉሜን፣ በዓሉ «በተደራጀ ሁኔታ» እንዲከበር ብሎ ወደ ኳስ ሜዳ አዛወረው። ኳስ ሜዳው እንደ ድንጋይ የደረቀ መሬት ነው። ክቡርነትዎ ግን በችግር የሚበገሩ ሰው አይደሉም። ከበዓሉ በፊት ባልደረቦችዎ በአይሱዙ ከሌላ ወረዳ ጨፌ እንግጫ አስመጡ፤ ለጭነት እንዲመች ሥሩ በማጭድ ተቆርጦ ነበር። ከዚያም በሜዳው ላይ ገመድ ዘርግተው፣ በእንጨት ጉድጓድ እየበሱ፣ ልክ እንደ ችግኝ በረድፍ ተከሉት። ለመንቀል ተከሉት። ጽሕፈት ቤትዎ የሚያውቀው አንድ ሥራ ነውና እሱንም በጥራት ሠርቶታል።

በማግሥቱ ከበሮው ተመታ፣ ካሜራው ተደቀነ፣ ልጃገረዶቹ ተሰለፉ። የወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ልጅ፣ ዜማ የምትባለው፣ እንደለመደችው ጎንበስ ብላ፣ እግሯን አንፈራጥጣ፣ ባለ በሌለ ኃይሏ ብትጎትተው ምንም የሚይዘው ነገር ስላልነበረ በጀርባዋ ተዘረረች። ተነሥታ እንግጫውን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ፣ «እናንተ! ይሄ ሥር የለውም! ዛሬ ጠዋት ነው እንዴ የበቀለው?» አለች። ከኋላዋ ያለችው ደግሞ «ቀስ ብለሽ ንቀይው እንጂ፣ የመንግሥት ነው!» ብላ ጮኸች። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። መድረክ መሪውም በድምፅ ማጉያ «ልጆች፣ እየተሳቀ ሳይሆን እየተዘፈነ ይነቀል!» ብሎ ተቆጣ። ካሜራው የመጀመሪያውን ስላልያዘው፣ የተነቀለው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ወደየጉድጓዱ ተመልሶ፣ እንደገና ተነቀለ። ብዙ ዘመን ስለ ተክል አስተምሬያለሁ፤ አንድ ተክል በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ሲነቀል ያየሁት ግን በእርስዎ ዘመን ነው።

ልጆቹ ሳቁ፤ ልጆች ናቸው። ክቡርነትዎም አጨበጨቡ። እኔ አልሳቅሁም፤ አሁን ደግሞ በፈቃድዎ ትሕትናዬን ለጥቂት መስመሮች አስቀምጣለሁ።

አፍራችሁ አታውቁም? ጨፌውን ገደላችሁት፤ ከዚያ የሬሳውን ልብስ አልብሳችሁ ልጆቻችንን አስጨፈራችኋቸው። ባህል ትላላችሁ፣ ባህሉ የበቀለበትን መሬት ግን ታደርቃላችሁ። ብርቅዬ ወፍ ትላላችሁ፣ መልኳን እንኳ አታውቁም። ያ ጠመንጃ የያዘ ሰው ከጨፌው የወሰደው አንድ ሣጥን ሙሉ ነው፤ እናንተ የወሰዳችሁት ጨፌውን ነው። እሱ ሲሄድ ዝይዎቹ ቀርተው ነበር፤ እንግጫው ቀርቶ ነበር፤ ምንጯ ትፈስስ ነበር። እናንተ ስትሄዱ ምን ይቀራል? ሰሌዳው? እኔ አርባ ዓመት የማይሞላ ዕድሜ ያለው ሹም መጥቶ፣ ከእኔ በፊት የነበረውንና ከእኔ በኋላ ሊኖር የሚገባውን ነገር በአንድ የበጀት ዓመት ጨርሶ፣ ከዚያ የምስጋና ወረቀት ሲቀበል ቆሜ እንዳይ የተማርኩ ሰው አይደለሁም።

ትሕትናዬን መልሻለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ስለ ቃናው ነው እንጂ ስለ ቃሉ አይደለም።

አምስተኛውና የመጨረሻው ዋናው ነው፤ ሌሎቹን አራቱን ቢረሱ ይህን አይርሱብኝ። ታችኛው ቆቅ ውሃ ገና አለ። ወደ ምሥራቅ ሰፋ ያለች፣ በስተ ደቡብ በአለት የታገደች፣ ከላይኛው ጋር ሲነጻጸር እፍኝ የምታህል እርጥብ ሜዳ ናት። ውሃዋ የሚመጣው ከሌላ ሸንተረር ስለሆነ የላይኛው ጥፋት አልደረሰባትም። እንግጫ አላት። እንቁራሪቶቿ ዝናብ ሲሸት ይጮኻሉ። ባለፈው ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ እንደ ልማዴ ዳር ዳሯን ስዞር አንዲት ዝይ ከእንግጫው መካከል እንቁላል ታቅፋ አየሁ፤ ወንዱ ከፍ ካለው ጉብታ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሌላ ጥንድ ፈልጌ አላገኘሁም። በዚህ አካባቢ የማውቃቸው የመጨረሻዎቹ ጥንዶች እነዚህ ናቸው።

ጽሕፈት ቤትዎ የለጠፈው ማስታወቂያ «ሁለተኛው ምዕራፍ» ታችኛውን ጨፌ እንደሚመለከት ይገልጻል። ከክረምት በፊት ቦይ ይቆፈራል፣ በሐምሌ ይተከላል። ይህን ባነበብኩ ዕለት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስለ ዝይዋ ስነግርዎ፣ ወንበር ሰጥተው፣ ጤናዬን ጠይቀው፣ በመጨረሻ «መምህር፣ ይህን ያህል አይጨነቁ፤ ዝይዋ ክንፍ አላት፣ ትሄዳለች» አሉኝ።

መልሱ ከደረጃ ስወርድ ነው የመጣልኝ፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። ክንፍ ያላት እሷ ናት፤ እንቁላሏ ክንፍ የለውም። እንግጫውም የለውም። እንቁራሪቷም የላትም። ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያትም የላቸውም። እሺ ትብረር፤ ወዴት? ወደ ላይኛው ጨፌ? እዚያ የእርስዎ ደን ነው። ወደ አምበር በኩል ወዳለው? እሱ ከታረሰ ቆይቷል። ከከተማው ዳር ወደነበረው? እዚያ መጋዘን ተሠርቶበታል፤ ከጎኑ ሄጄ አይቻለሁ። የጽሕፈት ቤትዎ ሪፖርት ስለ ላይኛው ጨፌ ዝይዎች «በራሳቸው ፈቃድ ወደ ሌላ አካባቢ ተዛውረዋል» ይላል። ቤቱ የፈረሰበትን ሰው በራሱ ፈቃድ ጎዳና ወጣ እንደማለት ነው። የተዛወሩበትን «ሌላ አካባቢ» ስም ብቻ ቢጽፉልኝ፣ በቅሎ ተከራይቼም ቢሆን ሄጄ ሰላም እላቸው ነበር።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የደረቀውን ላይኛውን ጨፌ ይመልሱልኝ አላልኩም፤ የጠፋውን ቀበሮ አምጡ አላልኩም። ታችኛው ቆቅ ውሃ እንዳይቆፈር ነው። ቦዩ ይቅር። ችግኞቹ ወደ ጋራው ይውጡ፤ መሪጌታ ሙላት ምእመናኑን፣ እኔም የቀድሞ ተማሪዎቼን ይዘን ጉድጓድ እንቆፍራለን፤ ለሪፖርትዎ የሚሆን ፎቶግራፍም ተሰልፈን እንነሣለን። የእቅድ ለውጥ ለማድረግ የበላይ ፈቃድ ያስፈልጋል ከተባለ፣ ቢያንስ ዝይዋ እስክትፈለፍልና ጫጩቶቿ ውሃ እስኪገቡ ይዘግይ። ለዚህም ፊርማ ካስፈለገ ከእኔ ጀምሩ።

መልስዎን በአስቸኳይ እሻለሁ። «ጉዳዩ እየታየ ነው» የሚለው መልስ እንዳይሆን በትሕትና አሳስባለሁ፤ እየታየ መሆኑን አውቃለሁ፤ በየጠዋቱ የማየው እኔ ነኝ። «አይቆፈርም» ወይም «ይቆፈራል» የሚል አንድ ቃል ይበቃኛል፤ ስምዎን ከሥሩ ይጻፉበት።

ለላይኛው ቆቅ ውሃ ለዋሉልን ውለታ አንገቱን ደፍቶ፣ ለታችኛው እንዳይደግሙት እጁን ዘርግቶ፣ ዕድሜና ማስተዋል፣ በተለይም ሁለተኛውን፣ አብዝቶ እንዲሰጥዎ የሚለምን፣

የክቡርነትዎ ታዛዥ ለመሆን አቅሙ ያልፈቀደለት ጎረቤትዎ፣
እንዳላማው ገዳሙ
ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር
ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ሳልጨርስ ቦይ የሚቆፍረው እስካቫተር ሎቤድ በሚሉት ረጅም የጭነት መኪና ተጭኖ መጥቶ ከቤተ ክርስቲያናችን አጥር ሥር ተራገፈ። መሪጌታ ሙላት ኦፕሬተሩን ሰላም ብለው ለምን እንደመጣ ቢጠይቁት፣ ደግ ልጅ ነው፣ «አባ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ጀምር ተብያለሁ፤ ስልክ ካልተደወለልኝ እጀምራለሁ» አላቸው። እንግዲህ ወረቀት ማዘጋጀቱ፣ ማኅተሙ፣ መዝገብ ቤቱ እንዳያደክምዎ ለእኔ መጻፉን ይተዉት። እስከ እሑድ ማታ ለልጁ ይደውሉለት፤ እሱ ሞተሩን ሳያስነሣ ከዋለ መልስዎ እንደደረሰኝ እቆጥራለሁ። በአንድ ጡረተኛ ጩኸት ሐሳብ መለወጥ ለክብርዎ የሚከብድ ከሆነም፣ ከመጀመሪያው የእርስዎ ሐሳብ ነበር ብለው ይናገሩ። ከፊት ወንበር ተቀምጬ አጨበጭብልዎታለሁ።